«ያልሠራሁት ሥራ ሲቪዬ ላይ ተጽፏል፤ የሠራሁትን መናገር ደግሞ ያሳፍረኛል»

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የ24 ዓመት ወጣት ስሆን የምኖረው ደምበጫ አጠገብ ባለች የገጠር ቀበሌ ከወላጆቼ ጋር ነው። በሰኔ 2016 ዓ.ም. በአካውንቲንግና ፋይናንስ በዲግሪ ተመርቄአለሁ፤ የመውጫ ፈተናውንም በመጀመሪያው ሙከራ አልፌአለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስፈልግ ቆይቼ ደብረ ማርቆስ ለቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። ሦስት ሰዎች ከፊቴ ተቀምጠው «እስቲ ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉኝ ስሜንና የተመረቅሁበትን ትምህርት ተናግሬ ዝም አልሁ። ዓይኔን ከመሬት ማንሣት አቃተኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ አመስግነው አሰናበቱኝ። እናቴ «በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ» እያለች ነው ያሳደገችን፤ ሰው ፊት ራስን ማወደስ በእኛ ቤት ነውር ነው።

ከዚያ በኋላ ጥፋቱ የሲቪዬ መስሎኝ ከተማ ወዳለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄጄ በ200 ብር አዲስ አሠራሁ። ጸሐፊው ስሜንና ትምህርቴን ጠይቆ የቀረውን ራሱ ሞላው። እኔም በደንብ ሳላነበው ባሕር ዳር ለሚገኝ አንድ የግል ድርጅት ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛነት አስገባሁት፤ ማስታወቂያው የሚጠይቀው 0 ዓመት ልምድ ነበር። አሁን ከሦስት ሳምንት በኋላ ለሚሰጥ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። በደስታ ሲቪውን አውጥቼ ሳነበው ግን በአንድ የጅምላ መደብር አንድ ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት እንደ ሠራሁ፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌርም «እጅግ ከፍተኛ» ችሎታ እንዳለኝ ይላል። መደብሩን አላውቀውም። ፒችትሪንም ተማሪ ሳለሁ ለሁለት ሳምንት ከመሠልጠን በቀር አልሠራሁበትም። የአክስቴ ልጅ «አትጨነቂ፤ ማኅተም ያለበት የልምድ ደብዳቤ ከማውቀው ነጋዴ አመጣልሻለሁ፤ ሁሉም የሚያደርገው ነው» ይለኛል።

እውነቱን ለመናገር እኔ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ከ10ኛ ክፍል ጀምሮ የዕድራችንን መዝገብ እይዛለሁ፤ ሁለት ክረምት ደግሞ በቀበሌያችን ኅብረት ሥራ ማኅበር የማዳበሪያ ሥርጭት መዝግቤአለሁ። አንድ ጊዜ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ የሆነ የሁለት አባላት መዋጮ ተደባልቆ፣ አንደኛው አልከፈሉም ተብለው ሊቀጡ ሲሉ ከደረሰኙ አመሳክሬ ያስተካከልሁት እኔ ነኝ። ይህ ግን የሰፈር ነገር እንጂ ሲቪ ላይ የሚጻፍ አይደለም። አባቴ ለመሳፈሪያዬ በቆሎ ሸጦ ሰጥቶኛል። ከእርሻ ሲመለስ «ምን ሆነ?» ብሎ አይጠይቀኝም፤ አለመጠየቁ ነው ይበልጥ የሚከብደኝ። ደብዳቤውን ልቀበል? ወይስ ፈተናውን ልተወው? እባክዎ ይምከሩኝ።

ልጅዎ፣ ከደምበጫ

*

ልጄ፣

ከሁሉ አስቀድሜ በደብዳቤሽ መካከል በአንድ ሐረግ ያለፍሽውን ነገር መልሼ ላሳይሽ። ድርጅቱ የጠየቀው 0 ዓመት ልምድ ነው። ስለዚህ አሁን እንቅልፍ የነሣሽ የአንድ ዓመት ልምድ ማንም ያልጠየቀሽ፣ አንቺም ያልፈለግሽው፣ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያለ ሰው ገጹ ባዶ እንዳይመስል ብሎ የጨመረው ነው። ሰውየውን በክፉ አላየውም፤ ደንበኛው ደስ ብሎት እንዲሄድ አስቦ ይሆናል። ሆኖም ወረቀቱ በስምሽ ገብቷልና ማስተካከሉ የአንቺ ድርሻ ነው፤ ለማስተካከልም ሦስት ሳምንት አለሽ።

የአክስትሽ ልጅ የሚያስብልሽ ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ይታያል። «ሁሉም የሚያደርገው ነው» ማለቱ ትክክል ባይሆንም ከመሬት ተነሥቶ የተናገረው አይደለም፤ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ላይ በነበርሁባቸው ዓመታት እንዲህ ያሉ ደብዳቤዎች አልፎ አልፎ እጄ ገብተዋል። የሚታወቁበት መንገድ ግን እርሱ ከሚያስበው በላይ ቀላል ነው። ከግል ድርጅት የሚመጣ የልምድ ደብዳቤ የሥራ ግብር የተከፈለበት ስለመሆኑ ማረጋገጫ እንዲያያዝበት ብዙ ቀጣሪዎች ይጠይቃሉ። ከዚህም ሌላ በግል ድርጅት በቋሚነት ለሚሠራ ሰው ከራሱ ደመወዝ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው ደግሞ 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ መግባት ስላለበት፣ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ ያለ አመልካች መዋጮው የት እንደ ገባ ሲጠየቅ የሚያሳየው ነገር ከሌለው ጉዳዩ እዚያው ይገለጣል። ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀትም ሆነ እያወቁ በእርሱ መገልገል በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል፤ ማኅተሙን የሚመታልሽ ነጋዴም ከዚህ አያመልጥም።

ይሁንና እኔን ከሕጉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ አንቺ በዚያ ክፍል ውስጥ የምትሆኚው ነው። ከፈታኞቹ አንዱ «በመደብሩ የወሩን መጨረሻ ሒሳብ እንዴት ትዘጊ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅሽ ምን ትመልሺያለሽ? አንድ ነገር ፈጥረሽ ከመለስሽ ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የመጀመሪያውን መልስ እያስታወስሽ መናገር ይኖርብሻል። እውነት ስትናገሪ እንኳ ዓይንሽን ከመሬት ማንሣት የከበደሽ ልጅ ነሽና፣ በዚያ ላይ የማታውቂውን መደብር ተሸክመሽ እንድትገቢ አልፈልግም። ለአክስትሽ ልጅ «ስለምታስብልኝ አመሰግንሃለሁ፤ ማስታወቂያው ልምድ ስለማይጠይቅ ደብዳቤው አያስፈልገኝም» ብትዪው እውነትም ነው፣ እርሱንም አያስቀይመውም።

ፈተናውን መተው ግን የለብሽም። ዝም ብሎ ገብቶ «ምናልባት አያነቡት ይሆናል» ብሎ ተስፋ ማድረግም አንድ መንገድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አልመክርሽም እንጂ ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንኑ ነው። የእኔ ምክር በዚህ ሳምንት ውስጥ ወደ ድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ደውለሽ እንዲህ እንድትዪ ነው፦ «ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ ለፈተና የተጠራሁ አመልካች ነኝ። ሲቪዬን በሌላ ሰው አሠርቼ ሳላመሳክር አስገብቼዋለሁ፤ የሥራ ልምድና የኮምፒውተር ችሎታ በሚለው ክፍል የእኔ ያልሆነ ነገር ተጽፎበታል። የተስተካከለውን በምን መንገድ ላድርስ?» ከዚህ በላይ ማብራራት፣ ጸሐፊውንም መውቀስ አያስፈልግሽም። «እንግዲያውስ አትምጪ» ሊሉሽ ይችሉ እንደሆነ ብትጠይቂኝ፣ ሊሉሽ ይችላሉ፤ አይሉሽም ብዬ ዋስ ልሆንሽ አልችልም። እኔ በነበርሁበት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ ያለ ስልክ ቢደወል ግን፣ ገንዘብ ለሚቆጠርበትና መዝገብ ለሚያዝበት ሥራ የተጠራችውን ያችን ልጅ ከሌሎቹ አስቀድሜ ማየት እፈልግ ነበር።

አሁን «የሰፈር ነገር» ወዳልሽው ልመለስ፤ ደብዳቤሽን ሳነብ ብዕሬን ያነሣሁት እዚያ ላይ ነውና። የዕድራችሁ አባላት ስንት ናቸው? በወር ስንት ይከፍላሉ? አባላቱ 140፣ የወሩ መዋጮ 30 ብር ቢሆን በየወሩ 4200 ብር፣ በዓመት 50400 ብር በአንቺ እጅ ጽሑፍ ያልፋል ማለት ነው። ሰው ሲሞት ከዚያ ገንዘብ ወጪ ይደረጋል፤ ወጪው ይመዘገባል፤ በዓመቱ መጨረሻ በአባላት ፊት ይነበባል፤ ሳንቲም ቢጎድል የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ይህ ገቢና ወጪ መመዝገብ፣ ከደረሰኝ ጋር ማመሳከርና ሪፖርት ማቅረብ ነው፤ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ከሚሰጠው ሥራ የሚለየው ደመወዝ ስላልተከፈለሽ ብቻ ነው። የማዳበሪያውም እንዲሁ ነው። ዩሪያና ኤን.ፒ.ኤስ. በኩንታል ተቆጥሮ ሲገባ፣ ለእያንዳንዱ አርሶ አደር ሲታደልና የቀረው ሲታወቅ ያንን የመዘገበ ሰው የዕቃ ግምጃ ቤት ሒሳብ ሠርቷል።

ስለዚህ በአዲሱ ሲቪ ላይ የጅምላ መደብሩ በነበረበት ቦታ እነዚህን ሁለቱን በትክክለኛ ስማቸው ጻፊያቸው። የዕድር መዝገብ ያዥ፣ በበጎ ፈቃድ፣ ከዚህ ዓመት እስከዚህ ዓመት፤ ከሥሩም የአባላቱን ቁጥርና የምትይዣቸውን መዝገቦች ዓይነት በሁለት መስመር። የማዳበሪያ ሥርጭት መዝጋቢ፣ በክረምት ወራት፣ በዚህ ማኅበር። «በበጎ ፈቃድ» የሚለውን ቃል አትደብቂው፤ እርሱ ካለ ማንም አጋነነች አይልሽም። የዕድሩን ዳኛና የማኅበሩን ሥራ አስኪያጅ አስፈቅደሽ በምስክርነት ስማቸውንና ስልካቸውን አስገቢ። ከተቻለም የዕድሩ ዳኛ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አጭር ደብዳቤ ጽፈው ማኅተም እንዲያሳርፉበት ጠይቂያቸው፤ ይህኛው ማኅተም የአንቺ ነው። ፒችትሪን በተመለከተ «የሁለት ሳምንት መሠረታዊ ሥልጠና» ብለሽ ጻፊ።

ስለ ሲቪው ከሌላው ሁሉ ይልቅ ሰዎችን ሲጎዱ ያየኋቸው ሁለት ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ሲቪሽ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሰኔ 2016 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 2024 ነው። «2016» ብለሽ ብቻ ከተውሽው አንባቢው በፈረንጅ አቆጣጠር ይወስደውና ስምንት ዓመት አስቀድመሽ ተመርቀሽ እስከ ዛሬ ያለ ሥራ የተቀመጥሽ ያስመስልብሻል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ዓመት ጨምሪ፤ ከሁሉም በላይ አንዱን አቆጣጠር መርጠሽ ከላይ እስከ ታች በእርሱ ጽኚ። ሁለተኛው የስም አጻጻፍ ነው። ለምሳሌ የአባት ስም «ካሣ» ሆኖ በ12ኛ ክፍል ማስረጃ ላይ በአንድ «ኤስ»፣ በዲግሪው ላይ በሁለት «ኤስ» የተጻፈበት ሰው ስንት ጊዜ ሲመላለስ አይቻለሁ። የአንቺን ሰነዶች አሁኑኑ ጎን ለጎን ዘርግተሽ ተመልከቺያቸው፤ ልዩነት ካለ ሲቪው ዲግሪሽ ላይ ያለውን ይከተል፤ ልዩነቱንም ሳትጠየቂ አስቀድመሽ ተናገሪ።

የቀረው ቀላል ነው። ሁለት ገጽ ይበቃል፤ ለአንቺ አንድ ተኩልም ይሆናል። የመውጫ ፈተናውን ማለፍሽን ጻፊ፤ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጥና 50 በመቶ ማምጣትን የሚጠይቅ በመሆኑ በመጀመሪያው ሙከራ ማለፍሽ ይታይልሻል። «ዓላማዬ ራሴንና ድርጅቱን ማሳደግ ነው» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር አውጪያት፤ በየጽሕፈት ቤቱ ስለምትገለበጥ ከመቶ ሲቪ በሰማንያው ላይ ያየኋት ይመስለኛል፤ ስለ አንቺም የምትናገረው አንዳች ነገር የለም።

ወደ ከባዱ ነገር ደግሞ እንምጣ። እናትሽ ያስተማሩሽ ትክክል ነው፤ እኔም ራሱን የሚያወድስ ሰው አልወድም። ነገር ግን «እኔ ጎበዝ፣ ታማኝና ትጉህ ነኝ» ማለትና «የሁለቱን አባላት መዋጮ ከደረሰኙ አመሳክሬ ለየሁት» ማለት አንድ ናቸው ወይ? የመጀመሪያው ውዳሴ ነው፤ ሁለተኛው ምስክርነት ነው። በሽማግሌ ፊት ቆሞ ያየውን የሚመሰክር ሰው በአገራችን ለፈለፈ አይባልም፤ ያየውን ደብቆ ዝም ያለው ግን ይወቀሳል። እነዚያ ሦስት ሰዎች ደብረ ማርቆስ ላይ «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ የጠየቁሽ ምስክርነት ነበር፤ አንቺ ውዳሴ መስሎሽ ዝም አልሽ። ሴት ልጅ በሊቃውንት ፊት አፍ አውጥታ መናገሯ ያሳፍራል የሚል ካለ ደግሞ፣ እዚሁ ጎጃም ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው፣ ጽላሎ ላይ ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ማስተማራቸውን አስታውሺ።

የሁለቱን አባላት ታሪክ ለቃለ መጠይቁ አዘጋጂው፤ «አንድ ችግር ገጥሞሽ እንዴት እንደ ፈታሽው ንገሪን» የሚለው ጥያቄ በብዙ ቦታ ይቀርባልና። ስትናገሪ በቅደም ተከተል ሂጂ፦ ምን ተፈጠረ፣ ከአንቺ ምን ይጠበቅ ነበር፣ አንቺ ምን አደረግሽ፣ በመጨረሻ ምን ሆነ። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ ስሕተት እንዳይደገም ያደረግሽው ነገር አለ? የአያት ስም ጨምረሽ፣ ወይም ለአባላቱ ቁጥር ሰጥተሽ ከሆነ እርሱን መናገር እንዳትረሺ፤ ስሕተት ያረመች ብቻ ሳትሆን መዝገቡን ያሻሻለች መሆንሽ የሚታየው በዚያ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በዪ፤ እኛ በትሕትና «አስተካከልነው፣ ሠራነው» ማለት ይቀናናል፤ ፈታኙ ግን የትኛው የአንቺ፣ የትኛው የሌላ ሰው እንደ ሆነ መለየት ይፈልጋልና ያደረግሽውን «አስተካከልሁ» በዪ። ሌሎች የረዱሽን ደግሞ በስማቸው አመስግኚ።

ይህን በልብሽ ብቻ አታጥኚው። የቅኔ ተማሪ ቀን የቆጠረውን ማታ ለመምህሩ ድምፁን አውጥቶ ካልነገረ አይታረምለትም። አንቺም በየማታው ለአንድ ሰው ጮክ ብለሽ ንገሪ። ዓይንን በተመለከተ፣ ከሚጠይቅሽ ሰው ዓይን ላይ ትክ ማለት ከከበደሽ ግንባሩ ላይ ወይም ሁለቱ ቅንድቦች መካከል ተመልከቺ፤ ለእርሱ ልዩነቱ አይታወቀውም። ጥያቄውን ከሰማሽ በኋላ ትንሽ ዝም ብሎ ማሰብም ችግር የለውም። መልሱን ካላወቅሽው «ይህን አላውቀውም፤ ነገር ግን ለማወቅ እንዲህ አደርግ ነበር» ማለት ከመገመት ይሻላል።

ለጽሑፍ ፈተናው መጽሐፍሽን ሙሉ በሙሉ ለመከለስ አትሞክሪ፤ ሦስት ሳምንት አይበቃሽም። የዕለት ሒሳብ አመዘጋገብን፣ የሙከራ ሚዛንን፣ የባንክ ማስታረቂያንና የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ስሌትን በእጅሽ ደጋግመሽ ሥሪ። ደመወዝ ስታሰዪ ካጠናሽው ጋር እንዳይምታታብሽ ተጠንቀቂ፤ አንቺ ተማሪ ሳለሽ ከግብር ነጻ የነበረው የወር ገቢ 600 ብር ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ 2000 ብር አድርሶታል። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ እንደ ሆነ ነው። ለኮምፒውተሩ ደግሞ አንድ ሐሳብ ልስጥሽ፦ ጽሕፈት ቤቱ በሰዓት የሚያከራይ ከሆነ ለጥቂት ቀናት ተቀምጠሽ የዕድሩን መዝገብ ወደ ኤክሴል አስገቢው፤ በስም ፈንታ የአባላቱን ቁጥር ተጠቀሚ፤ የከፈሉትንና ያልከፈሉትን ራሱ እንዲደምር ቀመሩን ጻፊበት። ኤክሴል ትችያለሽ ወይ ሲሉሽ የምትናገሪው ነገር ይኖርሻል፤ ለዕድሩም ይጠቅማል።

መንገዱን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላ ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ማለዳ ይታለፋል ብለሽ እንዳትተማመኚ፤ ባሕር ዳር ዘመድ ካለ ከሁለት ቀን በፊት ግቢና እደሪ። የተጠራሽበት ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወይም በፈረንጆቹ መሆኑን ስትደውዪ አጣሪ። ዋናዎቹን ሰነዶች ከኮፒዎቹ ጋር በአንድ ክላሰር ያዢ። ልብሱ ንጹሕና የሚመችሽ ይሁን እንጂ ለእርሱ ብለሽ አዲስ ወጪ አታውጪ። በመጨረሻ «ጥያቄ አለሽ ወይ?» ይሉሻልና ስለ ሙከራ ጊዜው ጠይቂያቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ የሚደረግና ከ60 የሥራ ቀናት የማይበልጥ ነው። ይህን የምነግርሽ ሌላም ነገር እንድታስተውዪበት ነው፤ ሕጉ ራሱ አዲስ ሠራተኛ ሥራውን እየተለማመደ የሚታይበት ጊዜ አለ ብሎ ከተቀበለ፣ አንቺም ሁሉን ዐውቀሽ እንድትገቢ የሚጠብቅ የለም።

ስለ አባትሽ የጻፍሽውን ለመጨረሻ አስቀርቼዋለሁ። አለመጠየቃቸው ተስፋ ቆርጠው ነው ብለሽ አስበሽ ይሆን? ምናልባት እንዳይከብድሽ ብለው ይሆናል። እርሳቸውም የዕድሩ አባል ከሆኑ የሁለቱን ሰዎች ጉዳይ ያውቁታል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ማታ ታሪኩን የምትነግሪው ሰው እርሳቸው ይሁኑ። «አባ፣ ባሕር ዳር ሲጠይቁኝ እንዲህ ብዬ ልመልስ አስቤአለሁ፤ ይስሙኝና የተሳሳትሁት ካለ ያርሙኝ» በያቸው። አንቺ የረሳሽው ነገር ትዝ ይላቸው ይሆናል። የፈተናውንም ቀን አብረሽ ንገሪያቸው፤ እስካሁን ሳይጠይቁ ያመሹት የሚጠይቁበትን ቀን ስላላወቁ ሊሆን ይችላል።